ለሚስትም የማይነገር ምልክት

ጀልባዋ አምስት ሰው ትይዛለች ይባላል፤ ከጠላቂዎቹ አንዱ፣ ግዙፉ የጥርስ ሐኪም፣ ከተሳፈረ ግን አራት ነው። ከኋላዋ አንዲት የምታስል ሞተር ተንጠልጥላለች፤ መሐሏ ላይ የጠላቂዎቹ የአየር ሲሊንደር እንዳይንከባለል ተብሎ ከአሮጌ የአልጋ እንጨት የተሠራ መደርደሪያ አለ። እንግዲህ "ካፒቴን" የሚባለው የዚህች መርከብ አዛዥ ነው። ስሙን ያወጡለት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው፤ ያወጡለትም ሊያፌዙበት ነበር። እሱ ግን ፌዙን እንደ ሹመት ተቀበለውና አንገቱን ቀና አድርጎ ኖረበት። ዓመታት ሲያልፉ ያፌዙበት ሰዎች ፌዝ መሆኑን ረሱት። ሚስቱ እንኳ በጣም ካልተቆጣች በቀር እናቱ ባወጣችለት ስም አትጠራውም።

ሐይቁ ሰፊ ነው። ማዶው የሚታየው ዝናብ አየሩን ባጠበው ማግስት ብቻ ነው። ከዳር አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ገባ ብሎ፣ ሃያ ሁለት ሜትር ወደ ታች፣ ካፒቴን ሳይወለድ የሰጠመች አንዲት የጭነት መርከብ በጎኗ ተኝታለች። የጣሪያ ሸክላ ጭና ስትጓዝ ማዕበል ነው የጣላት። ሠራተኞቿ በሙሉ ተርፈዋል፤ ስለዚህ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ አያደርግም። ካፒቴን "አሮጊቷ" ይላታል። ሚስቱ ደግሞ "ጣውንቴ" ነው የምትላት። ጠዋት ጠዋት ቴርሞሱን ስታቀብለው "በል ሂድ፣ ጣውንቴ እንዳትቀየምህ" ትለዋለች፤ እሱም "እሷ እንዳንቺ አትነዘንዝም" ይላታል። ይህን ካልተባባሉ ሁለቱም ቀኑ የጀመረ አይመስላቸውም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ከጠዋት እስከ ማታ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። የጠላቂዎቹ ልብስ ጉልበቱና ክርኑ ሲቀደድም በላስቲክ ሙጫ የምታጣብቀው እሷ ናት። ጀልባዋ ላይ ግን በትዳር ዘመኗ ሁሉ አንድ ቀን አልወጣችም። ውሃ ትፈራለች። "እኔ የምወደው ውሃ በርሜል ውስጥ ያለውን ነው" ትላለች።

ሐይቁን እንደ መዳፉ ያውቃል የሚባለው ካፒቴንም ቢሆን አሮጊቷን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ጆሮው በልጅነቱ ታሞ ስለነበር ራሱን ውሃ ውስጥ ማስገባት አይችልም። የሚያውቃት በገመድ ነው። መንጠቆው ወርዶ ብረት ሲነካ መዳፉ ውስጥ የምትሰማ አንዲት ደረቅ ንዝረት አለች፤ ያቺን ከሰማ ሞተሩን ያጠፋና "ውረዱ፣ እናንተን ነው የምትጠብቀው" ይላል። ከዚያ በላይ የሚያውቀው መምህርቷ ሥላ የምታሳየውን ነው።

መምህርቷ የሂሳብ መምህርት ናት፤ ዕድሜዋ አርባን አለፍ ብሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ትጠልቃለች፤ ብቻውን የሚጠልቅ ሰው ካፒቴን አያሳፍርምና። መርከቧን ክፍል በክፍል እየለካች በትልቅ ወረቀት ላይ ስትሥል ስድስት ዓመት ሆኗታል። የቀራት የወጥ ቤቱ ክፍል ብቻ ነው። የጥርስ ሐኪሙ መብራት ይይዝላታል። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት ይውላልና የራሱን ከፍቶ አይታይም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን መርከቧ ላይ ተንሳፋፊ ምልክት አልታሰረም፤ ቦታዋም በስልክም በሌላ መሣሪያም አልተመዘገበም። ምክንያት አለው። ከዓመታት በፊት ከሩቅ የመጡ ጨዋ መሳይ ሰዎች ቦታዋን በመሣሪያቸው መዝግበው ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ ግን ካፒቴንን አልጠሩትም። በአንድ ወቅት ውስጥ ደወሏ፣ መብራቶቿና መሪዋ ተነቅለው ሄዱ። የሚነቀል ውድ ነገር ሲያልቅ ሌቦቹ አልተመለሱም፤ የመዘገቡበት መሣሪያም ከነሱ ጋር የት እንደገባ አይታወቅም። ካፒቴን ያኔ እናቱ የተዘረፈች ያህል አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ነው እሱና መምህርቷ የተማማሉት፦ መጻፍ የለም፣ መመዝገብ የለም። አሮጊቷ ያለችበት ቦታ በዓለም ላይ የሚገኘው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ጭንቅላቱ የሚሠራው በምልክት ነው። ዳር ላይ ካሉ ነገሮች ሁለት ይመረጣሉ፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ ሲሰለፍ አንድ መስመር ላይ ነህ ማለት ነው። በሌላ አቅጣጫ ሌላ ሁለት ይሰለፋሉ። ሁለቱ መስመሮች ሲገናኙ መንጠቆህን ትጥላለህ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ቀላልም ነው፣ ምልክቱን ለሚያውቅ። ዓሣ አጥማጅ የነበረው አባቱ ይህን ሲያስተምረው አንድ ነገር አስጠንቅቆታል፦ "ምልክት ለሚስትም አይነገርም። ሚስት ለእህቷ ትነግራለች፣ እህቷ ለባሏ፣ ባሏ መረቡን ይዞ ከአንተ ቀድሞ ይገኛል።" በዚያ ዳርቻ ይህ ሕግ ነው። ባልና ሚስት አንድ ትራስ ላይ አርባ ዓመት ተኝተው ምልክቱ ከባልየው ጋር የተቀበረ ስንት ቤት አለ! ካፒቴንም ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ።

ነገሩ የጀመረው ካፒቴን የሞተር ዕቃ ፍለጋ ሌላ ከተማ ሦስት ቀን ሰንብቶ በተመለሰ በሳምንቱ ነው። ቅዳሜ እንደ ልማዱ ወጡ፤ ምልክቱን አሰለፈ፤ መንጠቆውን ጣለ። የወጣው ጭቃ ነው። ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ጣለ፤ ጭቃ። በዚያ ሐይቅ ላይ ከረፋዱ በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ነፋስ ከተነሣ ደግሞ ትንሽ ጀልባ ቦታዋ ቤቷ ነው። ተመለሱ። "ውሃው ከፍ ብሏል" አለ ካፒቴን፤ የውሃው ከፍታ ከምልክት ጋር ምን እንደሚያገናኘው መምህርቷ አልገባትም።

በሁለተኛው ቅዳሜም ጭቃ ነው የወጣው።

በዚያ ሳምንት ካፒቴን ራሱን መጠበቅ ጀመረ። ሌባን እንደሚጠብቅ ዘበኛ የገዛ አእምሮውን ይከታተል ጀመር። መነጽሩን የት እንዳስቀመጠ ሲጠፋው "ይኸው" ይላል። የጎረቤቱን ልጅ በእህቷ ስም ሲጠራት "ይኸው" ይላል። ሌላም ያስፈራው ነገር ነበር። ለዓመታት እንቅልፉ ጭራሽ የተበላሸ ሰው ሆኖ ሳለ ሰሞኑን እንደ ሕፃን ይተኛ ጀመር። ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ በርሜል ሲሞላ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚለው፣ ስንት ሌሊት ያባነነው ድምፅ አይሰማውም። "ጆሮዬም ሊሸኘኝ ነው" ብሎ ደመደመ። ሰው መጥፎ ነገር መፈለግ ከጀመረ ደጉም ነገር ማስረጃ ይሆንበታል።

ይህን ሁሉ የፈራው ያለ ነገር አይደለም። ታላቅ ወንድሙ ፖስተኛ ነበር። ከተማውን በር በበር የሚያውቅ፣ ውሾቹን ሳይቀር በስማቸው የሚጠራ ሰው። አንድ ጊዜ የአንዱን ደብዳቤ ለሌላው ሰጠ፤ ተሳቀ። ደገመው፤ ተሳቀ። ሦስተኛው ላይ የሚስቅ ጠፋ። መጨረሻ ላይ አንድ ቀን የገዛ በሩን አንኳክቶ ለከፈተችለት ሚስቱ "ይቅርታ እሜቴ፣ ይህ የማን ቤት ነው?" አላት። ካፒቴን ያን ቀን እዚያ ነበር። ወንድሙ ባርኔጣውን አውልቆ በትሕትና ቆሞ መልስ ሲጠብቅ አይቶታል። ያ ነገር ከዓይኑ ላይ ጠፍቶ አያውቅም።

ሦስተኛው ቅዳሜ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ውሃው እንደ መስታወት የተኛ ነበር፤ ሰበብ የሚሆን ነገር አልነበረም። ካፒቴን አንዱን መስመር ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። መስመሩ ላይ ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። የተጠራጠረው ሌላውን መስመር፣ ከኮረብታው በኩል ያለውን ነበር፤ ምናልባት ቋጥኙ ተንሸራቶ ይሆናል፣ ምናልባት የአንቴናው ምሰሶ ተቀይሮ ይሆናል እያለ። የያዘውን መስመር ግን ለአፍታ እንኳ አልለቀቀም። እሱን መጠርጠር በሐሳቡም አልመጣም።

መንጠቆው አሥራ አንድ ጊዜ ወረደ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ጭቃ ይዞ ወጣ። የጥርስ ሐኪሙ ልብሱን ለብሶ ሲሊንደሩን ተሸክሞ እንደተቀመጠ ላቡ ይንጠባጠባል።

"ጋሼ፣ ነፋሱ መጣ፤ እንመለስ" አለች መምህርቷ ቀስ ብላ።

"አንድ ጊዜ ብቻ።"

"እሺ፣ አንድ ጊዜ።"

ጭቃ ነበር።

ዳር ሲደርሱ ካፒቴን የሞተሩን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ ዘረጋላት። "ልጄ፣ እኔ አልቻልኩም። ለጀልባዋ ሌላ ሰው ፈልጉላት። ለአሮጊቷ ግን…" አለ። ለአሮጊቷ የሚፈለግላት ሰው የለም። እሱ ከረሳት ለሁለተኛ ጊዜ ሰጠመች ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን መስጠሟን ቢያንስ ያዩ ሰዎች ነበሩ።

መምህርቷ ቁልፉን አልተቀበለችም። "ቅዳሜ እመጣለሁ" አለች። "ቅዳሜም አሮጊቷን ካጣናት ያኔ እንነጋገራለን። የቀረኝ አንድ ክፍል ነው፤ ባይሣልም ዓለም አይፈርስም።" ዓለም እንደማይፈርስ ለማስረዳት ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አላማረባትም። የጥርስ ሐኪሙ የካፒቴንን ትከሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል "ዛሬስ ጣውንቴ እንዴት ዋለች?" አለችው።

አልጋው ሲጮኽ ሰማች። የስፌት መኪናው ቆመ። ዞር ስትል ካፒቴን ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ጭቃ በያዘ ጫማ ከበሩ ምንጣፍ አልፎ አያውቅም፤ ስለዚህ ስለ ምንጣፉ አንድ ቃል አልተናገረችም። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

"ምን ሆንክ?"

"ጠፋችብኝ።"

"ማን?"

"አሮጊቷ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ላገኛት አልቻልኩም። ነፋስ ነው፣ ውሃ ነው እያልኩ እናንተን ሳታልል ነበር። የወንድሜ ነገር ነው፤ እኔ ላይም ጀምሯል።"

"አፍህን ቁረጠው!"

"ብቆርጠውም ያው ነው። ራሴን የማላውቅ መሰለሽ? መነጽሬን እረሳለሁ። የሰው ስም ይጠፋብኛል። እንቅልፍ የሚባል ነገር የማላውቀው ሰውዬ አሁን እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው። ጆሮዬ እንኳ እዚህ እራስጌያችን ያለውን ቋቋታ መስማት ትቷል።"

ሚስቱ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እሱ ግን አላያትም። ከኪሱ እርሳስ አወጣ።

"ደብተርሽን አምጪ። ልኬት የምትጽፊበትን።"

"ምን ልታደርግበት?"

"ጭርሱኑ ሳይጠፋብኝ ልንገርሽ። አንቺ ጻፊው። ለመምህርቷ ትሰጫታለሽ።"

ሴትየዋ ምን ሊነግራት እንደሆነ ገባት። ሕጉን ታውቃለች፤ የዚያ ዳርቻ ሴት ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ፣ ገና ሙሽሮች ሳሉ፣ እያቆላመጠች ጠይቃው "እሱን ተይው" ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችውም። አሁን ሳትጠይቅ ሊሰጣት ነው፤ የሚሰጣት ግን የሚሞት ሰው ዕቃውን እንደሚያከፋፍል ሆኖ ነው። ደብተሯን አመጣች። የአንዲት ተማሪ የትከሻና የወገብ ልክ ከተጻፈበት ሥር ባዶ ቦታ ፈልጋ እርሳሱን ያዘች።

"አንድ" አለ ካፒቴን፣ ግድግዳውን እያየ። "በኮረብታው በኩል። ቋጥኙና የአንቴናው ምሰሶ። ምሰሶው ከቋጥኙ ቀኝ ጠርዝ ይወጣል። ጻፍሽ?"

"ጻፍኩ።"

"ሁለት። ዋናው ይሄ ነው። የዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫ…" ቆም አለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተዘጋ ነገር በቀላሉ አይከፈትም። "የዳቦ ቤቱ ጭስ ማውጫና በርሜሉ። ጭስ ማውጫው ከበርሜሉ ጀርባ ቀጥ ብሎ ይቆማል።"

"የቱ በርሜል?"

"ያው የኛ ነዋ። ጣሪያችን ላይ ያለው ቀዩ።"

እርሳሱ ቆመ።

"ቀይ የቀባሁት ለምን ይመስልሻል? ዝገት ያልኩሽ ውሸቴን ነው" አለ ካፒቴን። ሚስቱ እርሳሱን እንዳቆመች ሲያይ የተቀየመችው መሰለው። "የአባቴ ሕግ ነው እንጂ አንቺን አላመንኩም ማለት አይደለም።"

"አንተ ሰውዬ" አለች ሚስቱ። "በርሜሉን እኮ አዛውሬዋለሁ።"

"ምን አልሽ?"

"አዛውሬዋለሁ። ለሞተር ዕቃ የሄድክ ጊዜ። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ከመኝታ ቤታችን ላይ አንሥቶ ወደ ወጥ ቤቱ በኩል ወሰደልኝ። ቋቋታው እንቅልፍ ነሳህ፤ ሌሊት ሌሊት እየተነሣህ በጨለማ ስትቀመጥ አይቼ ሆዴ አልችል አለ። ብነግርህ ደግሞ በርሜሌን አትንኩ ብለህ ቤቱን ታምሰዋለህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ዝም አልኩ። እንቅልፍ ሲወስድህ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር።"

ካፒቴን ብድግ አለ። ያን የጭቃ ጫማውን እንዳደረገ ጓሮ ወጥቶ መሰላሉን አቆመና ጣሪያው ላይ ወጣ። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ነው፤ ከመንገድም ከግቢም አይታይም። እሱ የሚወጣበት በዓመት አንዴ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከጀልባዋ የተረፈውን ቀለም ይዞ ነው። ከመኝታ ቤቱ በላይ፣ በርሜሉ ድሮ በነበረበት፣ ክብ የዝገት ቀለበት ሲሚንቶው ላይ ቀርቷል። በርሜሉ ራሱ ከዚያ ወዲያ፣ ከወጥ ቤቱ በላይ፣ ምንም እንዳላጠፋ ተጎልቷል። ካፒቴን በመሐላቸው ያለውን በእርምጃ ለካው። ስድስት እርምጃ።

ሚስቱ መሰላሉ ላይ ግማሽ ድረስ ወጥታ አንገቷን ብቅ አድርጋ ታየዋለች። ጀርባውን ነው የምታየው፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"ታለቅሳለህ እንዴ?"

ዞረ። እያለቀሰም እየሳቀም ነበር። "ጭንቅላቴ ደህና ነው" አላት። "ስሚኝ፣ ደህና ነኝ። የተዛወረው በርሜሉ ነው።"

እሷም ወጥታ አጠገቡ ቆመች። ከዚያ ላይ ሐይቁ በሙሉ ይታያል። "እኔ እኮ" አለች፣ "ጠዋት ስትወጣ ከዚያች ከብረቷ ሌላ የምታይ አይመስለኝም ነበር። ጣውንቴ ስላት ግማሹ ቀልድ አልነበረም።"

"ወደ እሷ ስሄድ ፊቴ ወደዚህ ነው። ሞተሩን ይዤ ወደኋላ ዞሬ የማየው ቤታችንን ነው። ሌላ ምን አያለሁ?"

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?"

"በርሜል ከገዛን ጀምሮ።"

ሴትየዋ በሻሽዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገች፤ ከዚያ የሱንም ጠረገችለት። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ ሁለቱም አንዳቸው ሌላውን ሲጠብቁ እንደኖሩ አያውቁም ነበር።

በርሜሉን እንመልሰው የሚል ሐሳብ መጀመሪያ ያመጣችው እሷ ናት። ካፒቴን እምቢ አለ። "ከስንት ዓመቴ ነው እንቅልፍ ያገኘሁት? እዚያው ይቀመጥ። ሌላ ምልክት እናበጃለን።" ምልክቱን ሲያበጅ ግን አሮጌው መስመር ላይ የሚቆም አንድ ቀይ ነገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ መርከቧን አግኝቶ አዲሱን ምልክት ከምን ጋር ያመሳክረዋል?

"እኔ እቆምልሃለሁ" አለች ሚስቱ። "የኮት ገበር የምሰፋበት ቀይ ጨርቅ አለኝ።"

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱ ቦታ ላይ ያለውን በርሜል በጆንያ ሸፈኑት። ካፒቴን ሚስቱን ከዝገቱ ቀለበት መሐል አቁሞ ጨርቁን ከፍ አድርጋ እንድትዘረጋ አሳያትና ወረደ። ጀልባዋ ላይ ለመምህርቷ ሁሉንም ነገር ነገራት፤ ምልክቱን ሳይቀር፣ የጥርስ ሐኪሙ እየሰማ። መምህርቷ እርሳሷን አውጥታ በጀልባዋ መቀመጫ ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ሠራች፤ በአንድ ጫፍ የተገናኙ፣ እየራቁ ሲሄዱ የሚለያዩ።

"ጋሼ፣ ጭስ ማውጫው እዚህ ነው እንበል። ጣሪያው ላይ ስድስት እርምጃ የሆነው ሐይቁ ላይ ሲደርስ ሃምሳ እርምጃ ይሆናል። አሮጊቷ ደግሞ ወርዷ ዘጠኝ ሜትር ነው።" ቀና ብላ አየችው። "በዚያ መስመር ላይ እስከ ዓመት ቢመላለሱ አያገኟትም ነበር። እርስዎ አልተሳሳቱም። በትክክል ነው ሲሄዱ የነበሩት።"

ካፒቴን ይህን ቃል ብዙ ጊዜ ሲያስታውሰው ኖሯል። ያን ጊዜ ግን መልስ የሚሰጥበት ፋታ አልነበረውም፤ ዓይኑን አጥብቦ ወደ ዳር እያየ ነበር። ጭስ ማውጫው ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ሄደ፣ ከቀይዋ ነጠብጣብ ኋላ ገባና ቀጥ ብሎ ቆመ። በኮረብታው በኩል ምሰሶው ከቋጥኙ ጠርዝ ብቅ አለ። መንጠቆውን ጣለ። ገመዱ በመዳፉ ውስጥ ሲሮጥ፣ ሲሮጥ ቆየና ያቺ ደረቅ ንዝረት መጣች።

ገመዱን እንደያዘ ቁጭ አለ።

"አገኘናት" አለ የጥርስ ሐኪሙ። በዚያ ወር የተናገረው ይህን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ወረዱ። ካፒቴን እንደ ልማዱ አረፋቸውን እየተከተለ ገመዱን በጣቶቹ ይዞ ጠበቀ፤ በዚያው ከዳር የሚሰለፉ ሁለት አዲስ ነገሮች መርጦ በልቡ ያዘ። መምህርቷ ስትወጣ የወጥ ቤቱ ክፍል ውስጥ ምድጃው እንዳለ፣ በላዩም ላይ አንዲት ድስት ከነክዳኗ ቆማ እንዳየች ነገረችው፤ እንዳልነካቻትም ነገረችው። አንድ ሰዓት ያህል አርፈው ዳግመኛ ወረዱ፤ ልኬቱ ተጨረሰ። ካፒቴን በየመሐሉ ወደ ዳር ሲያይ ቀይዋ ነጠብጣብ እንዳለች ነች። ጨርቁን ከአንድ ነገር ላይ አስራው ሄዳ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ስፌት አላት፣ ዩኒፎርሙ ሰኞ ይፈለጋል። ነፋሱ ሲነሣ ሞተሩን አስነሥተው ተመለሱ።

እየቀረቡ ሲመጡ ነው ጨርቁ እጅ እንዳለው ያየው።

ሲሊንደሮቹን ለሁለቱ ጠላቂዎች ጥሎላቸው ወደ ቤቱ ተጣደፈ። መሰላሉን ሲጨርስ ሚስቱ ከዝገቱ ቀለበት መሐል ንቅንቅ ሳትል ቆማለች። ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፤ ሁለት እጆቿ ከራሷ በላይ ተዘርግተው ይንቀጠቀጣሉ።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ቆሜያለኋ። አገኘሃት?"

"አገኘኋት። ካገኘኋት ሁለት ሰዓት አልፎኛል! መንጠቆው ከያዘ በኋላ እኮ መውረድ ትችዪ ነበር።"

"እኔ ምን አውቄ? ቁሚ አልከኝ፣ ውረጂ አላልከኝም። ብወርድና ቢጠፋብህስ?"

"አሮጊቷ ማለትሽ ነው? እሷማ…"

"ቤቱ" አለች ሚስቱ። "ቤቱ ቢጠፋብህስ ብዬ ነው።"

ካፒቴን ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀው እሱም አላወቀም። ጨርቁን ከእጇ ተቀበላት። ክንዶቿ ከመድከማቸው የተነሣ አልታጠፍ ብለው ስለነበር አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን ይዞ ቀስ አድርጎ አወረደላት። ከዚያ ቀድሟት መሰላሉን ወረደና ከታች ሆኖ በሁለት እጁ ያዘላት።